ጉልበት ወይስ ፍሬን? ከጅማው የሰዓት ሩጫ በኋላ

ዲኤክስ_ጅሬን | ሰኞ፣ ማታ 2:15

ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት መምጣት ያልቻላችሁ ልጆች በውስጥ መስመር እየጠየቃችሁኝ ስለሆነ ለየብቻ ከምመልስ እዚህ ልጻፈውና ሁላችንም እንነጋገርበት። መጋቢት ላይ ሌላ ቀን ስለምናዘጋጅ አሁን የምንለው ለዚያ ይጠቅማል።

መጀመሪያ ለአዲሶች። የሰዓት ሩጫ፣ ፈረንጆቹ ታይም አታክ የሚሉት፣ ጎን ለጎን መሽቀዳደም አይደለም። መኪናው ለብቻው ይገባል፤ አንድ ዙር ሞተሩንና ጎማውን ያሟሙቃል፣ ቀጥሎ የሚለካውን ዙር ይሮጣል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ እያበረደ ይወጣል። የቀኑ ምርጥ ዙርህ ብቻ ይያዝልሃል። ጃፓኖች ጹኩባ በሚባለው 2,045 ሜትር በሆነው መሮጫቸው ላይ ከ1 ደቂቃ በታች ለመግባት ለዓመታት ሲለፉ የኖሩት በዚሁ ዘዴ ነው። ሲድኒ ውስጥም እ.ኤ.አ. በ2010 የተጀመረ፣ ከብዙ አገር የተሻሻሉ መኪኖች የሚሰበሰቡበት ትልቅ ውድድር አለ። የእኛ መሮጫ ባለቤቱ የፈቀደልን፣ ከከተማ ወጣ ያለ የአስፋልት ግቢ ነው። ኮን፣ አሮጌ ጎማና ገለባ የሞላ ጆንያ ደርድረን ዙሩን እንሠራዋለን። ይህን ያነሳሁት ሌሊት በአውራ ጎዳና ላይ መሽቀዳደምን ከዚህ ጋር የሚቀላቅል ሰው ስላለ ነው። መንገድ ላይ እግረኛ አለ፣ ባጃጅ አለ፣ መብራት የሌለው ጋሪ አለ። መሮጥ የሚፈልግ ልጅ እኛ ጋ ይምጣ።

ወደ ዋናው ልግባ። ትናንት በወረቀት ላይ ከሁሉም የበለጠ ጉልበት የነበረው መኪና አላሸነፈም። ባለ 1,000 ሲሲዋ ቪትዝ በልጣዋለች። ብዙ ሰው ተገርሞ ሲያጨበጭብ ነበር፤ እኔ ግን የሚጠበቅ ነው ባይ ነኝ።

ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 እስከ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚያው ልክ ሲቀንስ ጉልበቱም አብሮ ይወርዳል። ከፋብሪካ 110 የፈረስ ጉልበት ይዞ የወጣ ባለ 1,600 ኮሮላ እዚህ የሚሰጥህ 90 ገደማ ነው። ማርሚታ አስቆርጠህ፣ የአየር ማጣሪያ አስቀይረህ የምታገኘው ከፍታው ከወሰደብህ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ጎማ አስፋልት የመያዝ አቅሙን ግን ከፍታ አይነካበትም። ስለዚህ ያለህን ብር ከፍታው የማይቀማህ ቦታ ላይ አውለው።

የኔ ዲኤክስ ሞተሩ የፋብሪካው 4ኬ ነው፣ 1,290 ሲሲ። ካርቡሬተሩ ላይ ጂግለሩ (ቤንዚን የሚያሳልፈው ቀዳዳ) ለከፍታው ተስማሚ በሆነ አነስ ባለ ተቀየረለት፤ ከዚያ ሌላ ጉልበት የሚጨምር ነገር አልተነካም። ገንዘቤ የሄደው የፍሬን ዘይት፣ የፍሬን ሸራ፣ አራት አዲስ ጎማ፣ አሞርዛተርና አላይመንት ላይ ነው። ፖርታባጋሊዮውን አወረድኩ፣ የኋላውን ወንበር አወጣሁ፣ ኮፋኖው ሥር የተንጠለጠለውን ሁሉ አሰርኩ። መኪናው አሁን ፍሬን ስይዝ ቀጥ ብሎ ይቆማል። በሕይወቴ በዚህ መኪና እንደዚህ ተማምኜ ኩርባ ውስጥ ገብቼ አላውቅም።

ስለ ጎማ አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው የማያየው ነው። የጎማው ጎን ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዝ አለ። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። ጥርሱ አዲስ ሆኖ ዕድሜው የገፋ ጎማ ገበያ ላይ ሞልቷል፤ ላስቲኩ ደርቋልና አስፋልቱን አይነክስም። እዚያው ጎኑ ላይ ትሬድዌር የሚል ቁጥርም ታገኛላችሁ። ቁጥሩ ከፍ ሲል ጎማው ረጅም ዕድሜ ያለው ግን ጠንካራ ነው፤ ዝቅ ሲል ለስላሳና ያዢ። 500 የሚል ጎማና 200 የሚል ጎማ እዚያ ግቢ ውስጥ ሁለት የተለያዩ መኪኖች ናቸው።

ቦዬ_ቱርቦ | ሰኞ፣ ማታ 3:40

ኦቦሌሳ (ወንድሜ)፣ በአክብሮት አልስማማም።

የተሸነፈው መኪና የኔ ስለሆነ አይደለም የምጽፈው። ከፍታው ጉልበት ይወስዳል ካልክ በኋላ "ስለዚህ ጉልበትን ተዉት" ማለትህ ነው የከነከነኝ። እኔ ከዚሁ ነጥብ ተነስቼ ተቃራኒው ላይ ነው የምደርሰው። ቱርቦ የሚያስፈልገን ለዚህ ነው! ቱርቦው አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ከፍታው የወሰደውን ይመልስልሃል። የኔ ስታርሌት ላይ የገባው 4ኢ-ኤፍቲኢ የሚባለው ባለ ቱርቦ ሞተር 1,331 ሲሲ ብቻ ሆኖ ከፋብሪካው 135 የፈረስ ጉልበት ነው የሚወጣው። ያለ ቱርቦ ይህን ለማግኘት ምን ያህል ትልቅ ሞተር እንደሚያስፈልግህ አንተ ታውቃለህ።

ደግሞ የትናንቱ ዙር ጠባብ ነበር። ሦስተኛ ማርሽ የገባሁት አንድ ቦታ ብቻ ነው። ቀጥ ያለ 400 ሜትር ስጡኝና እንነጋገር።

ቪትዟ | ሰኞ፣ ማታ 4:05

ቦዬ ወንድሜ፣ 400 ሜትሩን ብናገኝ ታሸንፈኛለህ፤ ይህን አልክድም። ግን ስለዚያ ጠባብ ዙር የምለው አለኝ፤ ጊዜ የተገኘው የት እንደሆነ ከውስጥ ስላየሁት።

ከጆንያዎቹ ጋ ወደ ኋላ የሚታጠፈውን ኩርባ አስታውሱ። ሁላችሁም እየተንጫጫችሁ ነበር የምትገቡት፤ ጎማ ያለቅሳል፣ ሰው ያጨበጭባል። እኔ ፍሬኔን መሪው ቀጥ እንዳለ እጨርሳለሁ፣ ከብዙዎቻችሁ ቀድሜ እይዛለሁ፣ ወደ ውስጠኛው ኮን የምጠጋውም ዘግይቼ ነው። መሃል ላይ ከናንተ ቀስ እላለሁ። ስወጣ ግን መሪዬ ቀድሞ ስለሚቃና ነዳጅ ቀድሜ እሰጣለሁ። ከኩርባው በኋላ ያለው ቀጥ ያለ መንገድ 150 ሜትር ያህል ነው እንበል። በአማካይ 60 ሆኖ የሚያቋርጠው ሰው 9 ሰከንድ ይፈጅበታል። 65 የሆነ ሰው 8.3 ይበቃዋል። በአንድ ኩርባ አወጣጥ ብቻ ከግማሽ ሰከንድ በላይ! 70 የፈረስ ጉልበት ባላት መኪና ይህን ሌላ ቦታ ከየት አመጣዋለሁ?

ሞተሩ የፊት ጎማዎቹን የሚያዞርበት መኪና ላይ የፊት ጎማዎቹ መሪም፣ ፍሬንም፣ ጉልበትም ይሸከማሉ። ሦስቱን በአንድ ጊዜ ከጠየቃችኋቸው አንዱንም አይሰጧችሁም፤ መኪናው ወደ ውጭ ይገፋል። ኩርባ መሃል ደንግጣችሁ እግራችሁን ከነዳጅ ድንገት ካነሳችሁ ደግሞ ክብደቱ ወደ ፊት ይወድቅና የኋላው ይሸሻል። ይህን አጥር የሌለበት ሰፊ ቦታ ላይ ቀስ ብላችሁ ተለማመዱት። መንገድ ላይ አይሞከርም።

አሮጌው_መካኒክ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 1:30

ልጆች፣ ደኅና አደራችሁ? እኔ አጂፕ አካባቢ ከፊያት ዘመን ጀምሮ ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ። ትናንት ማታ ልጄ አነበበችልኝና ሳልጽፍ ማለፍ አልቻልኩም።

በመጀመሪያ ጠብ የለባችሁም። ቱርቦም ይሁን፣ ፍሬንም ይሁን፣ ቅደም ተከተሉን ብቻ አትገልብጡት። ጉልበት ስትጨምሩ ፍሬኑ የሚሸከመው አብሮ ይጨምራል፤ ከፍጥነቱም ይበልጥ ነው የሚጨምረው። ከ80 ሳይሆን ከ100 ላይ መኪና ማቆም ፍሬኑ ላይ ከግማሽ በላይ ተጨማሪ ሙቀት ይጥላል። ስለዚህ ቱርቦ የሚያስገባ ልጅ ፍሬኑን አስቀድሞ ያሠራ።

የፍሬን ዘይት እርጥበት ይጠጣል። ጅማ ደግሞ እርጥበት የሞላባት አገር ናት። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ዶት 4 አዲሱ 230፣ እርጥበት የጠጣው 155 ነው ዝቅተኛው መለኪያ። ዘይቱ ሲፈላ ቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይገባል፤ እንፋሎት ይጨመቃል፤ እግርህ ወለሉን ይመታል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ቀለሙ ቡና የመሰለ ዘይት ይዛችሁ አትግቡ። ጣሳውም አንዴ ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ የከረመ ከሆነ አትግዙት።

ከፍታውን ካነሳችሁ አይቀር ፍሬን ረዳቱን፣ ሰርቮውን፣ ማንም አላነሳውም። እሱ የሚሠራው በውጭው አየርና በሞተሩ የመሳብ ኃይል መካከል ባለው ልዩነት ነው። አየሩ ሲሳሳ እርዳታውም ይቀንሳል። ፍሬኑ ራሱ አልደከመም፣ እግራችሁ ግን ጠንከር ብሎ መጫን አለበት። ከቆላ የመጣ ሾፌር "ፍሬኑ ጠጠረብኝ" ቢል ይህ አንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል። የሰርቮው ጎማ ተሰንጥቆ የሚያፈስ ከሆነ ግን ሌላ ነው፤ እሱን አስፈትሹ።

ራዲያተርም እንደዚሁ። ጅማ ላይ ክዳን የሌለው ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ 100 አይደርስም። ራዲያተራችሁ ውስጥ የማይፈላው ክዳኑ ጫና ይዞ ስለሚያቆየው ነው። ላስቲኩ ያለቀ ክዳን በትንሽ ብር ይለወጣል፤ የተቃጠለ ቴስታታ (የሞተር ራስ) ግን መኪና ያስሸጣል።

አሁን የሚያንገበግበኝን ልናገር። ሞላ አትቁረጡ! መኪና ዝቅ ለማድረግ ሞላ በፍሌክስ እየቆረጡ የሚመጡ ልጆች አሉ። የተቆረጠ ሞላ ይጠነክራል፣ ይህ እውነት ነው፤ ግን ያጥራል። ጎማው ጉድጓድ ላይ ሲንጠለጠል ሞላው ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል። መኪናው ዝቅ ስላለ አሞርዛተሩ መሄጃ ያጣና ወለሉን ይመታል፤ በዚያች ቅጽበት ጎማው አስፋልቱን ይለቃል። ኩርባ ውስጥ ሆናችሁ ይህ ከሆነ መሪ አያድናችሁም። ገንዘብ ከሌላችሁ በደኅና አሞርዛተር የፋብሪካውን ሞላ ተጠቀሙ። ከተቆረጠው ይፈጥናል።

ዲኤክስ_ጅሬን | ማክሰኞ፣ ጠዋት 3:10

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ስለ ሰርቮው የጻፉትን ለሁሉም አስተላልፋለሁ። መጋቢት ላይ ከመግባታቸው በፊት መኪኖቹን እርስዎ ቢያዩልን ደስ ይለናል፤ መጓጓዣዎን እኛ እንችላለን።

ቦዬ፣ ቱርቦ አይሠራም አላልኩም። ከፍታው ቱርቦውንም ያስከፍለዋል ነው የምለው። ሳሳ ያለውን አየር እዚያው ግፊት ላይ ለማድረስ ቱርቦው ይበልጥ መሽከርከር አለበት፤ አየሩም ይበልጥ ግሎ ይወጣል። እኛ ደግሞ ማደያ ላይ የምናገኘው አንድ ዓይነት ቤንዚን ነው፤ ኦክቴን (ቤንዚኑ ማንኳኳትን የሚቋቋምበትን ደረጃ) አንመርጥም። ሞተሩ ማንኳኳት ከጀመረ ፒስቶን ይበሳል። ደኅና ኢንተርኩለር (ከቱርቦው የሚወጣውን አየር የሚያበርድ)፣ ቁጥብ ግፊት፣ ከአንድ የሚለካ ዙር በኋላ ቀስ ያለ የማብረጃ ዙር። ይህን ካደረግህ እኔ ራሴ መጥቼ አጨበጭብልሃለሁ። ባለ ቱርቦ ደግሞ ለብቻው ምድብ ይኑረው፤ ቪትዝና ስታርሌት ጂቲን አንድ ላይ ማሰለፍ ሁለቱንም መበደል ነው።

ሞተር የፈነዳበት ልጅ ዛሬ በቀላሉ አይተካውም። እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። እጃችን ላይ ያለው ዲኤክስ፣ ኮሮላ፣ ቪትዝ ነው እንግዲህ። ለአንድ ቀን ደስታ ብለን አናጥፋቸው።

ሞተረኛው | ማክሰኞ፣ ቀን 6:20

የሞተር ሳይክል ሄልሜት ይዤ ብመጣ እገባለሁ? ሌላ ጅማ ውስጥ አላገኘሁም።

ቪትዟ | ማክሰኞ፣ ቀን 6:45

እኛ ጋ ይፈቀዳል፤ ጭንቅላትህን የሚይዝ፣ ማሰሪያው ጤነኛ፣ ወድቆ የማያውቅ ከሆነ። ልዩነቱን ግን እወቀው። ለመኪና ውድድር የሚሠራው፣ ስኔል ኤስኤ የሚል ምልክት ያለው፣ ውስጡ እሳት ይቋቋማል። የሞተሩ ሄልሜት ለእሳት አልተፈተነም። ስለዚህ ነው እያንዳንዱ መኪና ውስጥ የተሞላ የእሳት ማጥፊያ፣ የታሰረ፣ እጅ የሚደርስበት ቦታ ላይ ይኑር ብለን አጥብቀን የምንይዘው። ናይለን ልብስም አትልበስ፣ ጥጥ ይሁን። ጫማህ ሶሉ ስስ ቢሆን ፔዳሉ ይሰማሃል።

ቂጦ_ላብ | ማክሰኞ፣ ማታ 1:50

እኔ ሰዓት አያያዙ ላይ የነበርኩት ልጅ ነኝ፣ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪ። ጥቂት ሰው "ስልኬ ሌላ ሰዓት ነው የሚያሳየኝ" ብሎ ቅር ስላለው ላስረዳ።

አብዛኛው ስልክ ያለበትን ቦታ የሚያድሰው በሰከንድ አንዴ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በዚያች ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። መተግበሪያው መሃሉን በግምት ይሞላዋል፤ ግምቱ ደግሞ በቦታው ስህተት ላይ ይደመራል። ስለዚህ ስልክ የአንድ ሰከንድ ልዩነት ያሳይሃል እንጂ የአንድ አሥረኛ ክርክር አይፈታም። በሰከንድ 10 ጊዜ የሚያድስ የውጭ የጂፒኤስ መቀበያ ያለው ሰው ካለ ያምጣው፣ በጣም ይረዳናል።

የኛ መሣሪያ አርዱይኖ ከሚባል ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ጋር የተያያዘ የጨረር በር ነው። መነሻውም መድረሻውም አንድ መስመር፣ አንድ ሰዓት ስለሆነ ሁለት ሰዓት የማጣጣም ጣጣ የለበትም። ጨረሩን ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያደረግነው ለሁሉም መኪና መጀመሪያ የሚያቋርጠው መከላከያው እንዲሆን ነው። በጣም ዝቅ ካለ የፊት ጎማ አንዴ፣ የኋላ ጎማ አንዴ ይቆርጡትና ሁለት ጊዜ ይቆጥራል። ለዚያም ሲባል አንዴ ከተቆረጠ በኋላ ለጥቂት ሰከንድ እንዳይቆጥር ተደርጓል። በእጅ የሚያዝ ስቶፕ ዎች ለመጠባበቂያ ጎን ለጎን ይያዛል፤ ዳኛው ግን ጨረሩ ነው።

ከአዲስ_መጪ | ረቡዕ፣ ጠዋት 4:00

ሰላም ጅማዎች። እኔና ጓደኛዬ መጋቢት ላይ ከአዲስ አበባ መምጣት እንፈልጋለን። መኪናው ኮሮላ 110 ነው፤ ነድተነው መጥተን፣ ተወዳድረን፣ ነድተነው መመለስ አለብን። ምን እናድርግ? የኋላ ኮፋኖ ጫፍ ላይ ክንፍ ለማስገጠምም አስበናል።

ዲኤክስ_ጅሬን | ረቡዕ፣ ጠዋት 5:25

እንኳን ደህና መጣችሁ። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከወልቂጤ በኋላ የግቤ በረሃ ቁልቁለት አለ፤ እዚያ በፍሬን ብቻ ከወረዳችሁ የምትወዳደሩበትን ፍሬን ሰኮሩ ሳትደርሱ ጨረሳችሁት ማለት ነው። ሽቅቡን በምትወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረዱ፣ ሞተሩ ይያዘው። ቅዳሜ ከሰዓት በፊት ድረሱና ጎማ አስፈትታችሁ ሸራውንና ዘይቱን እዩ።

የጎማ ንፋስ አዲስ አበባ ሞልታችሁ እንዳትተማመኑ። እዚያ አየሩ ከዚህ የሳሳ ስለሆነ ጅማ ስትደርሱ በመለኪያው ላይ ወደ 1 ፒኤስአይ ቀንሶ ታገኙታላችሁ፤ ጎማው ሳይተነፍስ። ሙቀት ደግሞ በተቃራኒው ይሠራል፤ በየ6 ዲግሪው ገደማ 1 ፒኤስአይ ይጨምራል። ስለዚህ እዚህ፣ ጠዋት፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ለኩ፤ ከሚለካው ዙር እንደወጣችሁም ወዲያው ለኩ። የምትፈልጉት ትኩሱን ቁጥር ነው። ከዚያ አራቱን ጎማ በእኩል ትኩስ ቁጥር ላይ እስክታገኙት ቀዝቃዛውን አስተካክሉ። ጎማ ቡና እንደመቁላት ነው፤ ሳይሞቅ አይሰጥም፣ ሲያር ደግሞ አይመለስም። የራሳችሁን መለኪያ ይዛችሁ ኑ፣ የጎሚስታው ከናንተው ጋር ላይገጥም ይችላል።

ክንፉን ተዉት። ክንፍ የሚጫነው ጫና በፍጥነቱ ስኩዌር ነው የሚያድገው። በ180 የሚሰጠው ጫና በ60 ዘጠነኛው ብቻ ነው የሚቀረው። የኛ ግቢ ውስጥ 60ና 70 ነን። ያንን ብር ጎማ ላይ አድርጉት።

ሌላ፦ የቸርኬ ቡሎን በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) 103 ኒውተን ሜትር አጥብቁ፣ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ እንደገና። የሞተር ዘይት እስከ ላይኛው ምልክት፤ ኩርባ ላይ ዘይቱ ወደ ጎን ሲሸሽ ፓምፑ አየር እንዳይስብ። ክሪክ፣ ጀሪካን፣ የውሃ ጠርሙስ ሁሉ ከመኪናው ይውጣ። ከሚለካው ዙር ወጥታችሁ ስትቆሙ የእጅ ፍሬን አትሳቡ! የጋለ ታምቡር (የኋላ ፍሬን ከበሮ) ላይ ሸራው ተጣብቆ ይቀራል። ማርሽ አስገብታችሁ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉ።

ቦዬ_ቱርቦ | ረቡዕ፣ ማታ 2:30

ጅሬን፣ ስለ ምድቡ ያልከው ትክክል ነው፤ እቀበላለሁ። የኔን ምድብ የሚያስተባብረው እኔ ልሁን፤ ሆሳዕና ባለ ቱርቦ መኪና ያላቸው ልጆች አውቃለሁ፣ እጠራቸዋለሁ። ፍሬኑንም ጋሼ ጋ ወስጄ አሠራዋለሁ። ግን ዙሩን ስትሠሩ ከጆንያዎቹ ኩርባ በፊት ያለውን ኮን አንሱልን። እዚያ መኪና ሳይፈታ ነው ወዲያው የሚታሰረው።

ኤሌክትሪክ መኪና ይዞ የመጣ ሰውስ? አንድ ዘመዴ ጠይቆኛል።

ቂጦ_ላብ | ረቡዕ፣ ማታ 2:55

ኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይፈልግ ከፍታው ምንም አይወስድበትም። ጅቡቲም ጅማም ጉልበቱ ያው ነው። በአንጻሩ ባትሪው ስለሚከብድ ፍሬንና ጎማ ላይ ብዙ ይጭናል። ለብቻው ምድብ ቢኖረው ጥሩ ነው። የሚያሳስበኝ እሳቱ ነው፤ የሊትየም ባትሪ ከተያያዘ በያዝነው የዱቄት ማጥፊያ አይጠፋም፣ ብዙ ውሃ ለረጅም ሰዓት ይፈልጋል። የውሃ ቦቴ ግቢው ውስጥ እስኪቆምልን ድረስ ባይገቡ ይሻላል ባይ ነኝ።

አሮጌው_መካኒክ | ሐሙስ፣ ጠዋት 1:45

ስለ ዝናብ ማንም አላሰበም። መጋቢት ነው ያላችሁት፤ ጅማ ደግሞ መጋቢት ላይ ይዘንባል።

ደረቅ ላይ ሁላችሁም የምትሄዱበት መስመር በጎማችሁ እየተለሰነ ይመጣል፣ ጎማና ዘይት ይጠጣል። ዝናብ ሲነካው ከሁሉም በላይ የሚያንሸራትተው እሱ ነው። እርጥብ ላይ ከዚያ መስመር አንድ የመኪና ወርድ ወጣ በሉ፤ ሻካራው አስፋልት እዚያ ነው። ፍሬኑን ቀድማችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ያዙ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ቀዩ አፈር። መኪኖቹ የቆሙበት ጭቃ ነው፤ በጎማ ተሸክማችሁ አስፋልቱ ላይ ታራግፉታላችሁ። ረጥቦ ሳሙና ይሆናል። ከመቆሚያው እስከ መነሻው ድረስ ጠጠር ይነጠፍ፣ በመነሻው ላይም ጎማ የሚያጥብ ልጅ ይቁም።

ዲኤክስ_ጅሬን | ሐሙስ፣ ጠዋት 3:30

ጋሼ፣ ጠጠሩን ባለቤቱን አናግሬዋለሁ፤ አንድ ገልባጭ መኪና ይበቃል ብሏል። ማጓጓዣውን እኛ እንከፍላለን። ጎማ ማጠቢያው ጋ በርሜልና ብሩሽ ይኖራል።

ከዘነበ ቀኑ አይሰረዝም። ጠዋት እርጥብ ከሆነ ሁሉም በእርጥብ ይሮጣል፤ ከሰዓት ከደረቀ ሁሉም እንደገና ይገባል፣ ሁለቱ ሰዓቶች ለየብቻ ይመዘገባሉ። መብረቅ ካለ ወይም ውሃ ከቋጠረ ግን እናቆማለን።

ቦዬ፣ ኮኑ ይነሳል፤ ግን ከኩርባው መውጫ ላይ ያለው ጆንያ በሁለት ሜትር ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ፍጥነቱ ስለሚጨምር ማምለጫ ያስፈልጋል። ኤሌክትሪክ መኪና ቦቴ እስክናገኝ ይቆይ፤ ዘመድህን ግን ለማየት ጋብዘው። ምድቦቹ እንግዲህ ሦስት ናቸው፦ እስከ 1,300 ሲሲ ያለ ቱርቦ፣ ከ1,300 በላይ ያለ ቱርቦ፣ ባለ ቱርቦ። የጎማ ትሬድዌር ከ200 በታች አይፈቀድም። የተቆረጠ ሞላ ያለው መኪና ፍተሻ አያልፍም።

ቪትዟ | ሐሙስ፣ ጠዋት 4:10

ለሴቶች ሾፌሮች ልምምድ ቅዳሜ ጠዋት ግቢውን ለሁለት ሰዓት ብታስከፍቱልኝ እኔ አስተባብራለሁ። ሦስት እህቶች ጠይቀውኛል፤ ሁለቱ የራሳቸው መኪና የላቸውም፣ የኔን ይነዳሉ። ሄልሜት በልካቸው የሚሆን ያለው ሰው ይጻፍልኝ።

ሞተረኛው | ሐሙስ፣ ቀን 7:00

አንድ መካከለኛ አለኝ፣ ወድቆ አያውቅም። ቅዳሜ ይዤ እመጣለሁ።